የታደሰ ትምህርት ቤት በቀጣዩ ክረምት ለምን ያፈሳል?

ጥያቄ፦ «ልጆቼ የሚማሩት አራዳ ክፍለ ከተማ፣ ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ ባለ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በ2016 ክረምት በመንግሥት በጀት ታደሰ፤ ቀለም ተቀባ፣ አጥሩና በሩ ተሠራ፣ መስከረም ላይ ተመረቀ። ዘንድሮ በ2018 ትምህርት ሲከፈት ገብተን ብናይ የአንድ ክፍል ኮርኒስ ወርዷል፣ የግድግዳው ቀለም ከታች በኩል ተላጧል፣ የሴቶቹ ሽንት ቤት ግማሹ ተቆልፏል። አሁን ደግሞ ወላጅ ያዋጣ እየተባለ ነው። የወላጅ ኮሚቴ ውስጥ ስላለሁ ሰው ሁሉ እኔን ይይዘኛል። ገንዘቡ ተበልቶ ነው? ወይስ መጀመሪያውኑ የተመደበው አይበቃም ነበር? ማንን፣ ምን ብለን እንጠይቅ?»

ምላሽ፦ ተበልቶ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ከዘረዘሩልኝ ምልክት ግን ከሌባ በፊት የሚታየኝ ውሃ ነው። ሦስቱም ብልሽቶች የውሃ ናቸው። ኮርኒሱ ላይ መግባት የሌለበት ውሃ ገባ፣ ግድግዳው ሥር መራቅ የነበረበት ውሃ አልራቀም፣ ሽንት ቤቱ ጋ መምጣት የነበረበት ውሃ አልመጣም። ሙያዬ የሕንፃ ጥገና ስለሆነ መሃል ከተማ ያሉ ብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ከበራቸው ይልቅ በጣሪያቸው ነው የማውቃቸው፤ ታሪካቸው ይመሳሰላል።

ይህን የምለው ማንንም ነጻ ለማውጣት አይደለም። ውሃውን ሳይዙ ግድግዳ መቀባት ራሱ የሕዝብ ገንዘብ ማባከን ነው፤ አንድም ሰው ኪሱ ባይከት ገንዘቡ ሄዷል። ልዩነቱ የሚመጣው እናንተ በምትጠይቁት ጥያቄ ላይ ነው። «ማን በላው?» ብላችሁ ስብሰባ ከገባችሁ ስብሰባው በመሐላና በኩርፊያ ያልቃል። «አሸንዳው በውሉ ላይ ስንት ሜትር ነበር? የትኛው ብሎክ ላይ ተተከለ?» ብላችሁ ከገባችሁ ግን መልስ ያለው ሰው ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፤ የሌለውም ያን ጊዜ ይለያል።

ስሌቱን ላሳይዎት። አራት ክፍል በአንድ መስመር የያዘ የተለመደ ብሎክ እንውሰድ። ጣሪያው ወደ 300 ካሬ ሜትር ይሆናል እንበል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። አዲስ አበባ በሐምሌም በነሐሴም በየወሩ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። ስለዚህ ከዚያ አንድ ጣሪያ ብቻ በሁለት ወር ከ120 ሺህ ሊትር በላይ ውሃ ይወርዳል። ይህ ውሃ አሸንዳ ገብቶ፣ በፓይፕ ወርዶ፣ በቦይ ከግቢ ካልወጣ የሚያርፈው የግድግዳው እግር ላይ ነው። መሬት ላይ ነጥሮ ጭቃውን ይዞ ግድግዳውን ይመታል፤ የቀረው ደግሞ መሬት ውስጥ ገብቶ መሠረቱን ያረጥባል፣ ከዚያም ብሎኬቱና ልስኑ ወደ ላይ ይመጡታል። ቀለም ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ቀድሞ የሚላጠው ለዚህ ነው። እርስዎ «ከታች በኩል» ያሉት ነገር ለእኔ ከብዙ ፎቶ በላይ ነገረኝ። ቀለሙ ራሱ መናኛ ቢሆን ኖሮ ከላይም ከታችም፣ ፀሐይ በሚመታው በኩልም ይላጥ ነበር።

አራዳ አካባቢ ደግሞ የራሱ ነገር አለው። ግቢዎቹ የቆዩ ናቸው፤ ዛፍ አላቸው፣ በተለይ ጥድና ባሕር ዛፍ። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አሸንዳ ውስጥ ይከማቻል፤ ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲመጣ አሸንዳው ውሃ ማስተላለፉን ትቶ ገንዳ ይሆናል። የሞላው ውሃ መውጫ ሲያጣ በቆርቆሮው ጫፍ ሥር ወደ ውስጥ ይመለሳል፣ ኮርኒሱ ላይ ይንጠባጠባል። ኮርኒስ በአንድ ሌሊት አይወርድም። መጀመሪያ የሻይ ብርጭቆ የሚያህል ቡኒ ክብ ይወጣዋል፤ ክቡ ዳር ዳሩ እየጠቆረ ይሰፋል፤ ከዚያ መሃሉ ይጎብጣል፣ ሚስማሩ ይላቀቃል። ያ ክብ ለወራት ከልጆቹ ራስ በላይ ነበር። መምህሯ አይታዋለች፤ ምናልባትም ለምክትል ርዕሰ መምህሩ ተናግራለች። መሰላል አቁሞ የአንድ ክንድ ቅጠል ከአሸንዳው የሚያወጣ ሰው ግን በመዋቅሩ ውስጥ የለም። ጥበቃ አለ፣ ጽዳት አለ፣ ንብረት ክፍል አለ። ጣሪያ የሚያይ የለም።

ከጣሪያው ላይ ሌላም የሚታይ አለ። ቆርቆሮው የተመታበት ሚስማር በጉብታው ላይ ነው ወይስ ውሃ በሚሄድበት ሸለቆ ላይ? ጎማው አለ ወይስ ደርቆ ተሰባብሯል? በእድሳት ጊዜ አሮጌው ቆርቆሮ ሳይነሳ በላዩ ቀለም ብቻ ተረጭቶ ከሆነ ቀዳዳው እንዳለ ነው፤ ቀለም ከመንገድ ሲያዩት ያምራል እንጂ የሚስማር ቀዳዳ አይደፍንም።

የሥራው ቅደም ተከተል ለባለሙያ ግልጽ ነው፦ ጣሪያ፣ አሸንዳ፣ ቦይ፣ ልስን፣ ኮርኒስ፣ ቀለም በመጨረሻ። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ ከቀለም ይጀመራል፤ ከበርና ከአጥር ደግሞ ከሁሉ በፊት። ለምን ቢሉ፣ በር ይመረቃል፤ ቦይ አይመረቅም። ሪፖርት ላይ «የታደሱ ትምህርት ቤቶች ብዛት» የሚል መስመር አለ፤ «ሳያፈሱ ክረምቱን ያለፉ ክፍሎች» የሚል መስመር ግን አጋጥሞኝ አያውቅም።

ሁለተኛው ነገር ካላንደሩ ነው፤ ሰው ብዙም ስለማያነሳው ትንሽ ልቆይበት። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ያልተሠራበት ገንዘብ ለትምህርት ቤቱ አይከርምለትም፤ ተመላሽ ይሆናል። የትምህርት ዓመቱ ደግሞ ከመስከረም እስከ ሰኔ ነው። አዲሱ በጀት ሐምሌ ላይ ቢጸድቅም እስኪከፋፈል፣ የግዥ ዕቅድ እስኪወጣ፣ ጨረታ ተከፍቶ እስኪገመገም፣ ውል እስኪፈረም ወራት ይሄዳሉ። በዚህ መሃል ልጆች ክፍል ገብተዋል። «ተማሪ እያለ ግንባታ አይሆንም» ይባላል፣ ሥራው ለክረምት ይተላለፋል። ክረምት ሲመጣ ግቢው ባዶ ነው፤ እሰይ። ግን ሰማዩ የተቀደደበት ጊዜ ነው። በዚያ ላይ ሰኔ 30 እየገፋ ነው፣ ገንዘቡ ከመመለሱ በፊት ክፍያ መውጣት አለበት። ስለዚህ በዓመቱ ውስጥ ለውጭ ግድግዳ ሥራ በጣም የማይመቹት ሁለት ወራት የሥራ ወራት ይሆናሉ።

አዲስ የሲሚንቶ ልስን ቀለም ከመቀባቱ በፊት በጥሩ አየር እንኳ አራት ሳምንት ገደማ መድረቅ ይፈልጋል። በነሐሴ እርጥበት ይህ ይረዝማል እንጂ አያጥርም። በነሐሴ ተለስኖ ጳጉሜን ላይ የተቀባ ግድግዳ ውስጡ ውሃ ታሽጎበታል። በጋ ሲመጣ ውሃው ልውጣ ይላል፤ ጨው ይዞ ሲወጣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይተዋል፣ ቀለሙን እንደ ቅርፊት ያነሳዋል። ግድግዳውን በጣትዎ ጠረግ ያድርጉት። ነጭ ዱቄት ከያዘ ነገሩ ይህ ነው። በጣት አጥንትዎ ኳ ኳ ሲያደርጉት ባዶ ቆርቆሮ የመሰለ ድምፅ ከሰጠ ደግሞ ልስኑ ራሱ ከግድግዳው ለቋል፤ ያን ጊዜ ቀለም ደግሞ መቀባት ገንዘብ መጣል ነው፣ ተፍቆ መለሰን አለበት።

መፍትሔው የሚከብድ አይደለም። ጣሪያ፣ አሸንዳ፣ ቦይና የውጭ ልስን በበጋ ይሠራ፤ ቅዳሜና እሑድ፣ የጥምቀት ሰሞን፣ በሁለቱ መንፈቀ ዓመት መካከል ባለችው ዕረፍት። አንድ ብሎክ በአንድ ጊዜ። የውስጥ ሥራ፣ የኮርኒስ፣ የበርና መስኮት፣ የዴስክ፣ የመብራት፣ የውስጥ ቀለም፣ ለክረምት ይቆይ፤ ጣሪያው ደህና ከሆነ ዝናቡ አያገባውም። ለዚህ ግን ጨረታው በጥቅምትና በኅዳር ማለቅ አለበት፤ ይህ ደግሞ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱና የፋይናንሱ የቤት ሥራ እንጂ የርዕሰ መምህሩ አይደለም። ርዕሰ መምህሩ ላይ ብቻ አትጩኹ።

የእናንተ እድሳት ደግሞ የተለየ ክረምት ላይ ነው የዋለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የቆርቆሮው፣ የቀለሙ፣ የቧንቧው፣ የኤሌክትሪክ ዕቃው ዋጋ ከዶላር ጋር የተሳሰረ ነው። ከዚያ በፊት ዋጋ ሰጥቶ ውል የፈረመ ተቋራጭ፣ በተለይ ማኅበር ሆነው የተደራጁ ልጆች ከሆኑ፣ የጥቂት ወር ውል ብዙውን ጊዜ የዋጋ ማስተካከያ ስለሌለው ወይ ሥራውን ጥለው ይሄዳሉ ወይ ዕቃውን ያሳንሳሉ። ሦስት ጊዜ የሚቀባው አንድ ጊዜ ይቀባል፤ ወፍራሙ ቆርቆሮ በስሱ ይተካል። ይህ ምክንያት ነው፤ ሰበብ ግን አይሆንም። ዕቃው መቀነሱን ተቆጣጣሪው ማየት ነበረበት፤ አይቶ ከፈረመ ጥያቄው ወደ እሱ ይዞራል።

አሁን ወደ «አይበቃም ነበር ወይ?» ልምጣ። የአዲስ አበባ ምክር ቤት ለ2016 ያጸደቀው በጀት 140 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር፣ ለ2017 ደግሞ 230 ቢሊዮን ብር ገደማ። ስለዚህ ከተማው ገንዘብ የለውም የሚለውን አልቀበልም። ችግሩ ገንዘቡ የሚገባበት ኪስ ነው። አዲስ ሕንፃ፣ ማስፋፊያና ትልልቅ እድሳት በካፒታል በጀት ይሠራሉ፤ ባለቤት አላቸው፣ አማካሪ አላቸው፣ ክትትል አላቸው። የዕለት ጥገና ግን ከመደበኛ በጀት ነው፤ መደበኛ በጀት ላይ ደሞዝ ቅድሚያውን ይወስዳል፣ ቀጥሎ የጽዳት ዕቃ፣ የጽሕፈት መሣሪያ፣ የመብራትና የውሃ ሒሳብ ይመጣል። ጥገና መጨረሻ ላይ ቆሞ የተረፈውን ይጠብቃል። በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ ለትምህርት ቤቱ የሚሰጠው፣ ስኩል ግራንት የሚባለው ገንዘብና የትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ ይደጉማሉ፤ እነሱም ግን የሚበቁት ለመስታወት፣ ለቁልፍና ለዴስክ እግር ነው።

በሕንፃ አስተዳደር ሙያ በዓለም ላይ የተለመደ መለኪያ አለ፤ አንድ የሕዝብ ሕንፃ ዛሬ እንደ አዲስ ቢሠራ ከሚፈጀው ገንዘብ ከ2 እስከ 4 በመቶ በየዓመቱ ለጥገና መመደብ አለበት ይላል። ብሎካችሁ ዛሬ ከመሠረቱ ቢሠራ 20 ሚሊዮን ብር ይፈጃል እንበል፤ ዝቅተኛው 2 በመቶ እንኳ በዓመት 400 ሺህ ብር ነው፣ ለአንድ ብሎክ። ይህን የሚያህል ገንዘብ በጥገና መስመሩ ላይ የተጻፈበት የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እኔ አላየሁም። ሳይመደብ ሲቀር ግን ወጪው አይጠፋም፣ ይጠራቀማል። ዘንድሮ ያልተጠረገ አሸንዳ ከርሞ ኮርኒስ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ የጣሪያ እንጨት፣ ከዚያ «ለአደጋ የተጋለጠ ሕንፃ» ተብሎ ማፍረስ። ከዚያ አዲስ ሕንፃ በካፒታል በጀት ይገነባል፣ ይመረቃል። አዲሱም ጥገና የለውም።

ወረቀቱን በተመለከተ ጊዜ አታጥፉ፤ በእናንተ ጉዳይ ቀኑ ራሱ ዋጋ አለው። የመንግሥት ግንባታ ሥራ ሲያልቅ መጀመሪያ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል፤ ጉድለቱ በዝርዝር ይያዛል። ከዚያ ብዙውን ጊዜ የአንድ ዓመት የጉድለት ማስተካከያ ጊዜ ይሰጣል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ለወጣ ብልሽት ተቋራጩ በራሱ ወጪ ያስተካክላል። ለዚህም ተብሎ ከክፍያው ላይ ሪቴንሽን የሚባል መያዣ ይቆረጥበታል፤ በብዙ ውሎች 5 በመቶ ነው። ዓመቱ ሲሞላ የመጨረሻ ርክክብ ተፈርሞ መያዣው ይለቀቃል። የእናንተ ሥራ በመስከረም 2017 ተመርቆ ከሆነ ዓመቱ የሚሞላው በዚህ ሰሞን ነው፤ ምርቃትና ጊዜያዊ ርክክብ ግን አንድ ቀን ላይሆኑ ይችላሉ፣ ርክክቡ ወራት ዘግይቶ ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው ርክክብ ካልተፈረመ ነገ ጠዋት በኮሚቴው ስም ደብዳቤ አስገቡ፤ ጉድለቱን በክፍል ቁጥር ዘርዝሩ፣ ፎቶ አያይዙ፣ ግልባጭ ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና ውሉን ላስተዳደረው አካል አድርጉ፣ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን ያዙ። ተፈርሞ ከሆነም ቃለ ጉባኤውን ጠይቁ፤ ማን ማን ፈረመ? ትምህርት ቤቱን ወክሎ ማን ነበር? ያኔ ኮርኒሱ ላይ ክብ አልነበረም?

ከዚህ ሌላ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ለሥራው ደህንነትና ጥንካሬ ለ10 ዓመት ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። ቀለም ተላጠ ብሎ በዚህ መሟገት አያዋጣም። ጣሪያው ከዘመመ ወይም ግድግዳው ከተሰነጠቀ ግን ሕጉን ማስታወሱ አይከፋም።

ዋናው የምትፈልጉት ሰነድ የሥራ ዝርዝሩ ነው፤ እኛ ቢኦኪው የምንለው። እያንዳንዱ ሥራ በመለኪያው ተጽፏል፦ ቀለም በካሬ ሜትር፣ አሸንዳ በሜትር፣ በርና መስኮት በቁጥር። ከእሱ ጋር የመጨረሻውን የክፍያ ሰርተፍኬት ካገኛችሁ የተከፈለበትን መጠን ታያላችሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የመሐንዲስ አይደለም፤ ሁለት ሰውና አንድ ሜትር ይበቃል። ወረቀቱ 140 ሜትር አሸንዳ ካለና እናንተ 70 ሜትር ከለካችሁ «ተበላ?» ላሉት ጥያቄ ያን ጊዜ መልስ አላችሁ፤ ጉዳዩም ከእኔ እጅ ወጥቶ የኦዲት ይሆናል። 140 ሜትሩ ተተክሎ በቅጠል ከተደፈነ ደግሞ ጥፋቱ የጥገና ነው። ሰነዱን አንሰጥም ካሏችሁ አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል፤ ጥያቄውን በጽሑፍ አድርጉት፣ መልስ መስጫው 30 ቀን ነው። ብዙ ጊዜ ግን አዋጅ መጥቀስ ሳያስፈልግ በትሕትና የተጻፈ ደብዳቤ ይበቃል። አዋጁን በመጀመሪያው ቀን መምዘዝ በር ያስዘጋል።

ሽንት ቤቱን ለብቻው ላንሳው፤ ምክንያቱም ከኮርኒሱ ይልቅ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለትምህርት ቤቶች ያስቀመጠው መመሪያ ለ25 ሴት ተማሪዎች አንድ መቀመጫ ይላል፤ ለወንዶች ለ50 አንድ መቀመጫና የመሽኛ ቦታ። 600 ሴት ተማሪ ካለ 24 መቀመጫ ማለት ነው። ግማሹ ከተቆለፈ በዕረፍት ሰዓት ምን እንደሚሆን እናት ለሆነ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ከፍ ያሉት ልጆች የወር አበባቸው ሲመጣ ቤት መቅረት ይጀምራሉ። በሩ የተቆለፈው በክፋት አይደለም። መሃል ከተማ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ በእድሳቱ የተተከለው ደግሞ በውሃ የሚለቀቅ ዘመናዊ መቀመጫ ነው። ውሃ ሲጠፋ ይደፈናል፣ ሲደፈን ይሸታል፣ ሲሸት ይቆለፋል፤ ቁልፉ ጽዳቷ ጋ ወይም ንብረት ክፍል ይገባል፣ እዚያው ይቀራል። የሚጠየቀው ጥያቄ «ሮቶው ስንት ሊትር ይይዛል? ውሃ በተቋረጠ ስንት ቀን ያቆያል?» ነው። አምስት ቀን ውሃ ለሚጠፋበት ግቢ የአንድ ቀን ሮቶ ተክሎ ዘመናዊ ሽንት ቤት መሥራት ዕቃውን ለመስበር መግዛት ነው።

በዚያ ላይ ሌላ ጫና መጥቷል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ አለ፤ ልጆቹ ቁርስም ምሳም ግቢ ውስጥ ይበላሉ። ምገባው ያመጣው ጥቅም አያጠራጥርም፤ ክፍል ውስጥ ራሱን ስቶ የሚወድቅ ልጅ የነበረበትን ጊዜ ያየ መምህር ይመሰክራል። ግን ወጥ ቤቱ ብዙ ቦታ የገባው የፍሳሽ መስመሩ ሳይታሰብ ነው። የድስቱ እጣቢ፣ ዘይቱ፣ የምስሩ ትርፍ ለሽንት ቤት በተሠራው አሮጌ ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ይገባል። ቅባቱ ይረጋል፣ መስመሩ ይዘጋል፣ መምጠጫ መኪና በየጊዜው ይጠራል። ከወጥ ቤቱ መውጫ ላይ ክዳን ያላት አነስተኛ የቅባት ማስቀሪያ ጉድጓድ ብትሠራ፣ በየሳምንቱ ብትጠረግ፣ ብዙ ችግር ይቀራል። በሰፈሩ የከተማው የፍሳሽ መስመር የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ ከእሱ ጋር መገናኘቱ ከሁሉ ይሻላል።

ያን 120 ሺህ ሊትር የጣሪያ ውሃም አስቡት። አሸንዳው ደህና ሆኖ ፓይፑ ወደ 10 ሺህ ሊትር ሮቶ ቢገባ በክረምትና በበልግ ሽንት ቤት የሚለቀቅበት ውሃ ከሰማይ በነጻ መጣ ማለት ነው። ለመጠጥና ለወጥ አይሆንም፤ ለሽንት ቤትና ለወለል እጥበት ግን ይበቃል።

የፒያሳና የአራት ኪሎ አካባቢ ለሆነ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ከ2016 ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ብዙ ነዋሪ ከመሃል ከተማ ወደ ዳር ተነሥቷል፤ የተማሪ ቁጥርም አብሮ ይንቀሳቀሳል። በጀት በተማሪ ቁጥር ሲሰላ ቁጥሩ የቀነሰበት ትምህርት ቤት ገንዘቡም ይቀንሳል፤ ጣሪያው ግን በዚያው ስፋቱ አለ። ዝናቡ የተማሪ ቁጥር አይጠይቅም። ስለዚህ የጥገና ገንዘብ በተማሪ ብቻ ሳይሆን በሕንፃ ስፋትና ዕድሜ እንዲሰላ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ይህ ከትምህርት ቤት በላይ የሆነ ጥያቄ ስለሆነ ከጎረቤት ትምህርት ቤቶች ወላጆች ጋር ሆናችሁ አንሡት። ከግቢያችሁ ፊት የመንገዱ ወይም የእግረኛው ከፍታ ተቀይሮ ከሆነም የጎርፉ መውጫ እንዳልተዘጋ ተመልከቱ። ከብሎኮቹ አንዱ የድንጋይና የጭቃ አሮጌ ሕንፃ ከሆነ ደግሞ በሲሚንቶ አታስለስኑት፤ እርጥበቱን ያፍነዋል፤ እንደዚህ ያለው ግድግዳ ኖራ ነው የሚወደው። በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነም ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ አይነካም።

መዋጮውን በተመለከተ አቋሜ ይህ ነው። ትምህርት በነጻ ስለሆነ መዋጮ በፈቃድ እንጂ የልጅ መመዝገቢያ ቅድመ ሁኔታ ሊሆን አይገባም፤ እንዲህ ያለ ነገር ከሰማችሁ በደብዳቤ ተቃወሙ። በፈቃድ ከሆነ ግን አልጠላውም። በ2015 የተጀመረው «ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄም ኅብረተሰቡን የሚጋብዘው ለዚሁ ነው። ብቻ ለቀለም አታዋጡ። የመንግሥት ሥራ የሆነውን ጣሪያ መቀየርም አትሸከሙ፤ አንዴ ከተሸከማችሁት በሚቀጥለው ዓመት በጀቱ ላይ አይጻፍም። ወላጅ ካዋጣ በሰነድ ለተለየ፣ ለሚለካና በየዓመቱ ለሚደጋገም ሥራ ይሁን። ለምሳሌ በሰኔ መጀመሪያና በነሐሴ አጋማሽ አሸንዳ የሚጠርግ ሰው የቀን ሒሳብ፤ ይህ ከአንድ የኮርኒስ ጥገና ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። በአንድ ጉድኝት፣ ማለትም በአንድ የጎረቤት ትምህርት ቤቶች ስብስብ ውስጥ ያላችሁ ትምህርት ቤቶች ተባብራችሁ አንድ የቧንቧና የጣሪያ ባለሙያ በወር ቀጥራችሁ በዙር ብትጠቀሙ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ገንዘቡን ከውስጥ ገቢ ማውጣት ይቻል እንደሆነ ከወረዳው ፋይናንስ ጋር ተነጋገሩ። ገቢና ወጪው በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስም ይያዝ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

የወደቀውን ኮርኒስ በተመለከተ ክፍሉን አሁኑኑ አስለቅቁ፤ ቀሪው ቁራጭም እርጥብ ስለሚሆን ይወርዳል። አዲስ ኮርኒስ ከመመታቱ በፊት አንድ ሰው ቀዳዳው ውስጥ በባትሪ ገብቶ የጣሪያውን እንጨት ይየው። በስል ነገር ሲወጉት የሚገባ ከሆነ በስብሷል ወይም ምስጥ በልቶታል፤ ያ ከሆነ ክፍሉ ውስጥ ተማሪ አይግባ፣ የክፍለ ከተማው መሐንዲስ በጽሑፍ ይጠራ። እንጨቱ ጤነኛ ከሆነ አሸንዳው ተጠርጎ አንድ ጥሩ ዝናብ እስኪያልፍ ጠብቃችሁ፣ ጠብታ እንደሌለ አይታችሁ ኮርኒሱን አስመቱ። ዝናብ ካልመጣ በባልዲ ውሃ ከላይ ማፍሰስም ይቻላል። የሥራ ዝርዝሩን ካገኛችሁ ገጹን ፎቶ አንሥታችሁ እዚሁ አስቀምጡት፤ መስመር በመስመር አብረን እናየዋለን።